ሁለት ድምፅ ብቻ ያገኘ ጽሑፍ

ዝናብና የተበሳ ጎማ ባያገናኙን ኖሮ እኔ፣ ፓክ ኩንቾሮና አዋላጇ ወኒንግ በአንድ ሸራ ሥር ተቀምጠን አንነጋገርም ነበር። ሳንነጋገር ብንቀር ደግሞ ፓክ ኩንቾሮ ዕድሜ ልካቸውን ራሳቸውን እንደ ንጹሕ ሰው ይቆጥሩ ነበር። እኔም እንደዚያው።

ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ ከሰዓት በኋላ። የፓክ ኩንቾሮ ታናሽ ወንድም ሳዲሞ ከሞተ ሰባተኛ ቀኑ ስለነበር፣ ለዱዓው ወደ ከዱንግ ራንዱ መንደር በእኔ ሞተር እየሄድን ነበር። እሳቸው ከኋላዬ ተቀምጠው ለሐዘን ቤቱ የሚሆን ስኳርና ሻይ በካርቶን ታቅፈዋል። ከባንቱል ከተማ እንደወጣን የኋላው ጎማ ተነፈሰ፤ ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ሞተሩን እየገፋን መንገድ ዳር ካለ ጎሚስታ ሸራ ሥር ገባን። ጎሚስታው ጎማውን አገላብጦ አየና «ሁለት ቦታ ነው የተበሳው። ዝናቡም ቢሆን አይለቃችሁም፣ አረፍ በሉ» ብሎ አግዳሚውን በጨርቅ ጠረገልን።

ፓክ ኩንቾሮ ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ «ፓክ» በእኛ አገር ለትልቅ ሰው የምንሰጠው «አቶ» ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ጋዜጣ ውስጥ አራሚ ነበሩ። እኛ ጦማሪዎች ግን የምናውቃቸው «ምባህ ጃቲ» በሚለው የብዕር ስማቸው ነው፣ «ምባህ» አያት ማለት ነው፤ ፓሳር ካታ የተባለውን ድረ ገጽ ከመሠረቱት ሰባት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ፓሳር ካታን የጽሑፍ ገበያ በሉት። ጦማሪው ጽሑፉን ያቀርባል፣ አባላቱ ድምፅ ይሰጣሉ። በስድስት ሰዓት ውስጥ አሥራ ሁለት ድምፅ ያገኘ ጽሑፍ የፊት ገጹ ላይ ይወጣል፤ ያላገኘው ወደ ታች ይሰምጣል። ከሰመጠ በኋላ ጸሐፊውና እናቱ ካልሆኑ በቀር የሚያየው የለም።

ሕጉ በወረቀት ሲታይ ለሁሉም እኩል ነው። ልማዳችን ግን ሌላ ነበር። በየወሩ ተሰብስበን ጥብስ እየበላን የምንሳሳቅ ሰማንያ ያህል ሰዎች ነን፤ ድምፃችንንም የምንሰጠው ለምናውቀው ስም ነው። የወዳጅ ጽሑፍ ሲወጣ ቀድሞ የደረሰ ሰው ከሥሩ «ፐርታማክስ!» ብሎ ይጽፋል፤ አንደኛ ነኝ ለማለት የምንጠቀምበት የቤንዚን ስም ነው። አንደኛ ለመሆን የሚሽቀዳደም ሰው ደግሞ ለማንበብ ጊዜ የለውም። እኔ አንድ ጊዜ መስጊድ በር ላይ ስለጠፋብኝ ነጠላ ጫማ ጽፌ አርባ ድምፅ አግኝቻለሁ። ካነበበው ይልቅ የመረጠው ይበዛ ነበር፤ ለጫማው ከልቡ ያዘነም ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ትንሽ እንደቆየን አረንጓዴ የዝናብ ልብስ የለበሰች ወጣት ሴት ሞተሯን አቁማ ወደ ሸራው ገባች። የጤና ባለሙያ ቦርሳ አንግታለች።

«አሰላሙ አለይኩም። ጥግ አታጡልኝም መቼም?» አለች።

«ወአለይኩም ሰላም፤ ነይ ልጄ፣ ነይ» አሉ ፓክ ኩንቾሮ ጠጋ እያሉ። «በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?»

«ወደ ከዱንግ ራንዱ። ወኒንግ እባላለሁ፤ እዚያው አካባቢ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነኝ።»

ፓክ ኩንቾሮ ስልካቸውን ዘርግተው ፓሳር ካታ ላይ የደረሳቸውን የሐዘን መግለጫ ያነቡ ነበር። የወንድማቸውን ሞት ጽፈው ካወጡ ወዲህ ሦስት መቶ ሰው አጽናንቷቸዋል፤ ከመካከላቸው ሳዲሞን በዓይኑ ያየ ምናልባት አራት ሰው ነው። ወኒንግ የገጹን መልክ ገና ስታየው አወቀችው።

«እርስዎም የፓሳር ካታ ሰው ነዎት እንዴ፣ ፓክ?»

እሳቸው እኔን በዓይናቸው ጠቅሰው «አልፎ አልፎ አያለሁ» አሏት። ሽማግሌው ምን እንደፈለጉ ገባኝ፤ ሳይታወቁ ሊመሰገኑ ነው። በሐዘንም ውስጥ ሆኖ ሰው ሙገሳ ይርበዋል።

«እንግዲያው ዛሬ እዩኝ፤ ነገ አታገኙኝም» አለች ወኒንግ። «ጦማሬን ዛሬ ልዘጋው ነው።»

«ምነው? ማን አስቀየመሽ?»

«አስቀያሚስ ቢገኝ ጥሩ ነበር፤ የሚሰድበኝ እንኳ አጣሁ! አሥራ አንድ ጽሑፍ አቀረብኩ። ከሁሉም ብዙ ድምፅ ያገኘው ሁለት ነው፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእህቴ።»

ጎሚስታው ሳቀ። ፓክ ኩንቾሮም ፈገግ አሉ፣ ግን ወዲያው እንደ አስተማሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስሚኝ ልጄ። ስም በአንድ ቀን አይገነባም። በዚያ ገጽ ላይ በቀን ሁለት መቶ ጽሑፍ ይወርዳል። ግማሹ የተሰረቀ ነው፤ ሩቡ የማቅጠኛ መድኃኒት ሻጭ ነው። ሰው ሁሉን ማንበብ አይችልም። የሚታወቅ ስም ለአንባቢ ወንፊት ነው።»

«ወንፊት ፍሬውን ከገለባው ይለያል እንጂ የገበሬውን ስም አይጠይቅም፣ ፓክ። የእናንተ ወንፊት ትናንት ያሳለፈውን ዛሬም ያሳልፋል፤ በቃ። ፍሬ ይሁን ገለባ ማን አየ?»

«እሺ፣ አንቺስ ምን አደረግሽ? ዞር ዞር ብለሽ የሰው ጽሑፍ ሥር ሰላምታ ትጽፊያለሽ? በየወሩ ስብሰባው ላይ ትመጪያለሽ? እንግዳ መጀመሪያ በር ያንኳኳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ተባብረን ነው እዚህ የደረስነው... ማለቴ፣ ሰዎቹ ተባብረው ነው።»

«አንበሳ አስረው ቢሆን መልካም። እኔ ያየሁት ግን እከክልኝ ልከክልህ ነው። እኔ በሳምንት ስድስት ሰባት ምጥ አለብኝ። የአንዱን ድመት፣ የሌላውን የምሳ ፎቶ እያወደስኩ ልዙር? ሁለት ዓመት እንዲህ ብዞር ስም ይኖረኛል እንበል፤ እስከዚያ በሽታው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል?»

«የምን በሽታ?»

«ቆዩ፣ እሱንም እነግርዎታለሁ» አለችና እጇን አራገፈች። «መጀመሪያ ይህን ልጨርስ። እኔ ማልቀስ ብቻ አይደለም፣ መፍትሔም ጽፌ ለሽማግሌዎቹ ልኬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የጸሐፊው ስም ይሸፈን። ስንት ድምፅ እንዳለውም አይታይ፤ ሰው ብዙዎች ወደሄዱበት ነው የሚሄደው። ድምፅ መስጫውም ጽሑፉ ከተከፈተ በኋላ ብቻ ይምጣ። ነባር አባል ደግሞ የራሱን ጽሑፍ ከማውጣቱ በፊት የሦስት አዲስ ሰዎችን ያንብብ። ያንብብ ነው ያልኩት፤ ይምረጥ አላልኩም።»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ማቆም አለብኝ። ያ ሐሳብ ሲመጣ እኔም አይቼው ነበር። ትክክል እንደሆነ ሳላስተውል አልቀረሁም፤ ግን ስሜ ከተሸፈነ ለነጠላ ጫማዬ ማን አርባ ድምፅ ይሰጠኛል? ስለዚህ ዝም አልኩ። ብዙ ክፋት የሚሠራው እንዲህ ባለ ዝምታ ነው።

«ምን ብለው መለሱልሽ?» አሉ ፓክ ኩንቾሮ። መልሱን ከማንም በላይ ያውቁታል።

«ምባህ ጃቲ የሚባል ሽማግሌ አለ፤ የገጹ ንጉሥ። ‹ከእንቁላሏ ወጥታ ገና ያልደረቀች ጫጩት አውራ ዶሮን ጩኸት ልታስተምር መጣች› ብሎ ጻፈብኝ። ለዚያች መልስ ብቻ ዘጠና ድምፅ አገኘ። ይገርምዎታል፣ ጥሩ ጸሐፊ ነው፤ በፊት እወደው ነበር።»

ፓክ ኩንቾሮ አሳላቸው። እኔ የተፈታውን ጎማ እንደ ልዩ ነገር አተኩሬ አየሁ።

«ሽማግሌው ምናልባት...» አሉ ቀስ ብለው፣ «ምናልባት የደከመበትን ነገር ላለማስነካት ይሆናል። ሥርዓት ያቆመ ሰው ሥርዓቱ ሲነካ ይከፋዋል። ደግሞስ ጽሑፍሽ በእርግጥ የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው አያየውም ነበር? ጥሩ ነገር ተደብቆ አይቀርም።»

«ይቀራል፣ ፓክ። ተደብቆ ቀርቶ ሰው ገድሏል።»

ይህን ስትል ድምጿ ወረደ። ዝናቡ ሸራውን እየደበደበ ስለነበር ጠጋ ማለት ነበረብን።

«አሁን የአይጥ ወራት ነው» አለች። «ሩዙን አይጥ ሲበላው የመንደሩ ወንድ ሁሉ በባዶ እግሩ ማሳ ወርዶ ጉድጓድ እየቆፈረ ያድናል። ውሃው ውስጥ የአይጥ ሽንት አለ። እግሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው በዚያ በኩል በሽታው ይገባዋል። ትኩሳት ይጀምረዋል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ባቱን ሲነኩት ያስጮኸዋል። የደከመው ይመስለዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመጣ በቀላል መድኃኒት ይድናል። ከቆየ ግን ኩላሊቱ ይቆማል። እኔ ይህንኑ ጻፍኩ፤ ‹ከአይጥ አደን በኋላ ባትህን ካመመህ አትተኛ› ብዬ። ቅዳሜ፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን።»

ፓክ ኩንቾሮ ስልካቸውን አጠፉት።

«በዚያው ቀን» ቀጠለች ወኒንግ፣ «ኪ ጃምፒ የሚባለው ዝነኛ ስለዚሁ ባት ሕመም ጻፈ። ጀርባን በሳንቲም መፋቅ፣ እግርን በዝንጅብል ማሸት፣ ከዚያ ሳምንት መተኛት! ሁለት መቶ አሥራ አራት ድምፅ። እኔ ከሥሩ ‹ኧረ ይህ ሰው ይገድላል› ብዬ ጻፍኩ፤ ከፐርታማክሱ ጋጋታ ሥር ተቀበረ። ከዚያ ባለፈው ሐሙስ አንድ ገበሬ አመጡልን። ዓይኑ ብጫ ሆኗል። ከታመመ አምስተኛ ቀኑ ነው። ጀርባው በሙሉ በሳንቲም ተፍቆ ቀይ መስመር በቀይ መስመር ነበር። ‹ምነው እስካሁን?› አልኩት። ‹ታላቅ ወንድሜ የተማረ ነው፤ መድኃኒቱን በስልክ ልኮልኛል› አለኝ። ወደ ከተማ ሆስፒታል ስንወስደው መንገድ ላይ ትንፋሹ ወጣ። እኔ ነኝ እጁን የያዝኩት። ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው፤ አሁንም ወደዚያው ቤት ነኝ።»

የጎሚስታው መዶሻ ቆመ። እኔ የፓክ ኩንቾሮን ፊት ማየት ፈራሁ፤ ስላየሁትም አልናገርም።

በመጨረሻ ራሳቸው ተናገሩ። «ሳዲሞ ነው ስሙ።»

«አዎ፤ ያውቁታል?»

«ወንድሜ ነው። ያንን መልእክት የላክሁለት እኔ ነኝ። ምባህ ጃቲም እኔው ነኝ፣ ልጄ።»

ወኒንግ ከተቀመጠችበት ተነሣች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ይቅር ይበሉኝ ፓክ፤ አላወቅሁም፤ ወላሂ አላወቅሁም» እያለች ጎንበስ አለች።

«ተቀመጪ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እዚህ ካለ አንቺ አይደለሽም።»

«ግን... የኪ ጃምፒን ጽሑፍ አንብበውት ነበር?»

ሽማግሌው ሠላሳ አምስት ዓመት በሙሉ ፊደል በፊደል ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው።

«አላነበብኩትም» አሉ። «ወዳጄ ነው፤ ገና ስሙን ሳይ መረጥኩት። አንደኛ ሆኜ ‹ፐርታማክስ› ያልኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ባቴን አመመኝ ሲለኝ፣ ትዝ አለኝና ከላይ ያለውን ሦስት መስመር ገልብጬ ላክሁለት። የአንቺንም አይቼዋለሁ። ርዕሱን። ‹የወንዝ ዳር አዋላጅ› ይላል ስሙ። ይቺ ደግሞ ማን ናት አልኩና አለፍኩት።»

እኔም ያን ጊዜ የራሴን ተናገርኩ፤ ለኪ ጃምፒ ጽሑፍ ዘጠነኛው ድምፅ የእኔ ነበር፣ እኔም አላነበብኩትም። ንስሐዬ ማንንም አልጠቀመም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህን።

ፓክ ኩንቾሮ ስልካቸውን እንደገና ከፈቱ። «ጽሑፍሽን አሁኑኑ እንደ አዲስ አቅርቢው፤ እመርጠዋለሁ። በስሜ ለሁሉም እልካለሁ። እስከ መግሪብ ሶላት ድረስ የፊት ገጽ ላይ ይሆናል።»

«ለዚህ እሺ እላለሁ» አለች ወኒንግ። «እሁድ ታንጁንግ ሎር መንደር በሙሉ ማሳ ይወርዳል። እስከዚያ ካልደረሰላቸው ሌላ ሳዲሞ ይኖራል። ስለዚህ ይላኩት፤ እለምንዎታለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ፓክ። አይቆጡኝም?»

«ምን ቁጣ ቀረኝ?»

«የእኔ ጽሑፍ ዛሬ የሚወጣው እውነት ስለሆነ አይደለም፤ እርስዎ ስላሉት ነው። ቅዳሜ ዕለትም ያው እውነት ነበር። ነገ አንድ ሌላ ሰው ይመጣል፤ ስም የሌለው፣ ወዳጅ የሌለው። እሱ ማን ሞቶለት ነው የሚነበበው?»

ፓክ ኩንቾሮ ይህን ሲሰሙ የያዙትን ስልክ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እስከዚያ ድረስ የሚያዝን ሰው ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ የሚያስብ ሰው ሆኑ። «ልክ ነሽ» አሉ። «በእኔ ስም ካነሣሁት በሽታውን አልነካሁትም ማለት ነው። ያ ወረቀትሽ አሁንም አለ? ስም ይሸፈን ያልሽው?»

«አለ።»

«ላኪልኝ። ዛሬ ግን እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ።»

ጎማው ተጠግኖ፣ ዝናቡም ካፊያ ሆኖ ስለነበር ሦስታችንም ተከታትለን ሄድን። ከዱንግ ራንዱ ስንደርስ ሰዉ በምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ያሲን የተባለው የቁርኣን ምዕራፍ ሊቀራ ኢማሙን ይጠብቃል። ፓክ ኩንቾሮ ካርቶኑን ከበሩ ላይ አስቀምጠው በቀጥታ ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ቡ (ወይዘሮ) ሱሚላ ሄዱ። ተቀመጡና ሁሉ እየሰማ ነገሯት፤ አንዲት ቃል አላሳነሱም። ለራሳቸው ምክንያት ይሰጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሰጡም።

ቡ ሱሚላ መሬት መሬት እያየች ሰማች። «እኔ ጤና ጣቢያ እንሂድ ብዬው ነበር፣ ምባህ» አለች በመጨረሻ። «በሁለተኛው ቀን። እሱ ነው እምቢ ያለኝ። ‹ወንድሜ ሳያነብ አይልክልኝም› አለኝ።»

ፓክ ኩንቾሮ ያን ዕለት ከዱዓው በኋላ ምግብ አልቀመሱም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። የወኒንግ ጽሑፍ በዚያው ዕለት የፊት ገጽ ላይ ወጣ፤ የታንጁንግ ሎር መምህር አትሞ በመስጊዱና በሩዝ ወፍጮው በር ላይ ለጠፈው። እሁድ ዕለት ሰዎቹ ቦቲ ጫማ ያለው በቦቲ፣ የሌለው እግሩን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ማሳ ወረደ። ሽማግሌዎቹ ግን በቀላሉ አልተረቱም። ኪ ጃምፒ ከፓክ ኩንቾሮ ጋር ተኳርፎ ስብሰባውን ጥሎ ወጣ፤ እስከ ዛሬም አይነጋገሩም። ከሰባቱ አራቱ ደግፈው፣ ሦስቱ ተቃውመው፣ የወኒንግ ሐሳብ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። ከተቃወሙት ሁለቱ ገጹን ትተው ሄዱ።

ዛሬ በፓሳር ካታ በመጀመሪያው ቀን የጸሐፊ ስምና የድምፅ ቁጥር አይታይም፤ ያላነበበ ሰውም መምረጥ አይችልም። በዚህም ምክንያት የዓሣ ነጋዴው ስለ ባሕሩ፣ የባቡር ጠባቂው ስለ ሐዲዱ የሚያውቁትን ሲጽፉ የሚሰማቸው አግኝተዋል። የተሰረቀ ጽሑፍም ቀንሷል፤ የሚያነብ ሰው ሌባን ይለያልና። ነባሮቹም ተጠቅመናል፤ ምንም እንኳ መራራ ቢሆን። እኔ በቅርቡ የጻፍኩት አምስት ድምፅ አገኘ፤ ደግሜ ሳነበው አምስቱም በዝተውበታል። ፓክ ኩንቾሮ በየማለዳው መነጽራቸውን አድርገው የማያውቋቸውን ሰዎች እንደ ድሮው አራሚ መስመር በመስመር ያነባሉ። ስለ ወንድማቸው ግን ሁለተኛ አልጻፉም። ስም አይታመንም አልልም፤ ከስሙ በፊት ቃሉ ይነበብ ነው የምለው። ለማያውቁት ሰው ጆሮ መስጠት ቸርነት ይመስለን ነበር። የገዛ ቤታችንን የሚጠብቅ ነገር መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

በአርባኛው ቀን እንደገና ወደ ከዱንግ ራንዱ ሄጄ ቡ ሱሚላን አገኘኋት። ደስ ይላት መስሎኝ፣ ከታንጁንግ ሎር አደን በኋላ ሦስት ሰዎች ባታቸውን አሟቸው እንደነበርና ሦስቱም ድነው ወደ ማሳቸው እንደተመለሱ ነገርኳት።

«በስንተኛው ቀን ነው ጤና ጣቢያ የሄዱት?» አለችኝ።

«በመጀመሪያው ቀን» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ሻዬን ለመጨመር ተነሣች። «የእኔው በአምስተኛው ነበር» አለች።